ጮክ ብላ የተፈተነችው

"ራዲዮ" የሚለውን ስም ያወጣላት የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህሯ ነው። ፈተና ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቀጥሎ ሹክሹክታ ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መልሱ የኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠና "ማነው ራዲዮ የከፈተው?" አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ ስሙም በዚያው ተለጠፈባት። ከዚያ በኋላ ፈተና በመጣ ቁጥር ወንበሯን ተሸክማ ኮሪደር መውጣት ሆነ። ሌሎቹ ውስጥ ሲፈተኑ እሷ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች፣ ለራሷ እየለፈለፈች ትፈተናለች። ታልፋለች ደግሞ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ራዲዮ ዝም ብላ ማሰብ አትችልም። ሌላው ሰው ሐሳቡ ጭንቅላቱ ውስጥ ይመጣለታል፤ የሷ በአፏ በኩል ነው የሚመጣው። ካልሰማችው ምን እንዳሰበች አታውቅም። ገበያ ሄዳ ከሽንኩርቱ ጋር ትከራከራለች፤ ልብስ ስታጥብ ከእድፉ ጋር ትጣላለች። ባሏ መኪና መንዳት የሚያስተምር፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። በተጋቡ ሰሞን ከወጥ ቤት ድምፅ በሰማ ቁጥር "እንግዳ መጣ እንዴ?" እያለ ይወጣ ነበር። ኋላ ለመደው፤ እንዲያውም ድምፅዋን ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም ይላል።

የምትሠራው አሳንሰር የሚተክልና የሚጠግን ድርጅት ውስጥ፣ የጥሪ ክፍል ነው። የሆነ ሕንፃ ላይ አሳንሰር ቀጥ ሲል ስልኩ እሷ ጋ ይጮኻል። እዚያ ወንበር ላይ ወሬኛነቷ ጠቀማት እንጂ አልጎዳትም። ውስጥ የተቀረቀረ ሰው ሲደውል መካኒኩ እስኪደርስ ስልኩን አትዘጋም። "አይዞሽ እቴ፣ ቁጭ በይ፣ ጫማሽን አውልቂ። ልጆች አሉሽ? ትልቁ ስንተኛ ክፍል ነው?" እያለች ሰውየው ወይ ሴትዮዋ መፍራታቸውን እስኪረሱ ድረስ ታወራለች። አንድ ሽማግሌማ መካኒኩ በሩን ከፍቶላቸው "ቆይ አንተ፣ የጀመርኩላትን ልጨርስ" ብለው አልወጣም ብለዋል።

ከስልኩ በኋላ ያለው ሥራ ነበር የሚያበሳጫት። ጥሪው ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ወረቀቱ ወደ ጥገና ክፍል ይሄዳል፣ እዚያ ነጭ ሰሌዳ ላይ ይገለበጣል፣ አንዱ በክርኑ ያጠፋዋል። አንዱ ሕንፃ ላይ ሁለት መካኒኮች በር ላይ ይገናኛሉ፤ ሌላው ሕንፃ ሰው አጥቶ ይውላል። ስድቡን የምትቀበለው ደግሞ ስልክ የምታነሳው ናት።

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ መፍትሔ ተገኘ አለ። ድርጅቱ መተግበሪያ የሚሠራበት አዲስ ነገር ገዝቷል። ድሮ ፕሮግራም ለመሥራት ኮዱን መስመር በመስመር መጻፍ ግድ ነበር፤ በዚህኛው ግን አብዛኛው ሥራ ሣጥንና ቁልፍ እየጎተቱ ማያያዝ ነው። ሥልጠናና ከባድ ፈተና አለው፤ ፈተናውን ያለፈና ሰርተፍኬት የያዘ ሰው የድርጅቱን የጥሪ ሥርዓት ይሠራል፣ ደረጃውም ያድጋል። ሥልጠናውን እንዲወስዱም ሁለት የሒሳብ ክፍል ልጆችን መርጧል።

ራዲዮ እጇን አወጣች። "እኔም ልማር።"

"አንቺ?" ሥራ አስኪያጁ ሳቅ አለ። "ራዲዮ፣ ይሄ ፈተና እኮ አፍ አይፈልግም።"

አዳራሹ ሳቀ። ከጎኗ ያለችው የጽዳት ኃላፊ ሳትቀር አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

"ጆሮስ ይፈልጋል?" አለች ራዲዮ ቆማ። "የሚሠራው ለኔ ክፍል ነው። ምን እንደሚያስፈልገን ደግሞ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።"

ሳቁ ቀጥ አለ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን እያስተካከለ "በራስሽ ጊዜ፣ በራስሽ ወጪ ከሆነ ማን ይከለክልሻል" አላት።

"ጥሩ። ሰው ሁሉ ሰምቷል" ብላ ተቀመጠች።

እልህ ይዟት ተመዘገበች። ጥናቱ ግን በእልህ ብቻ የሚገፋ አልሆነም። ለመለማመጃ ብላ ለባሏ ተማሪዎች መተግበሪያ ልትሠራ ተነሳች፤ ማን መቼ እንደሚመጣ፣ ማን የኋላ ማርሽ ላይ እንደሚፈራ የሚይዝ። ከሥራ እንደመጣች የምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ትከፍትና ክርክሯን ትጀምራለች። "አንተ ሠንጠረዥ፣ ይህን ልጅ ለምን ሦስት ጊዜ ትጽፈዋለህ? ስልኩን እዚህ ቀየርኩ፣ እዚያ ለምን አልተቀየረም? ታሾፋለህ?"

የባሏ እናት አብረዋቸው ይኖራሉ። ፍርድ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። ሶፋው ላይ ሆነው ዜና ለመስማት ሲታገሉ ቆይተው አንድ ማታ አላስችል አላቸው።

"ልጄ፣ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ አዲስ መዝገብ ትከፍቻለሽ እንዴ? በየትኛው ችሎት ነው ይህን ያየሽው? ባለጉዳዩ አንድ፣ ቀጠሮው ብዙ!"

ራዲዮ ዞረች። "እማማ፣ ደግመው ይበሉት።"

"ባለጉዳዩ አንድ፣ ቀጠሮው ብዙ።"

"ተማሪው አንድ፣ ትምህርቱ ብዙ!" ብላ ጮኸች። ሁለት ሠንጠረዥ ሠራችና አገናኘቻቸው፤ ሠራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ቴሌቪዥኑን ትተው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ።

ሁሉም ነገር ግን እንዲህ አልተሳካላትም። ለተማሪዎቹ ማስታወሻ የሚልክ ሥራ ሠርታ፣ ማቆሚያውን ረስታ ኖሮ፣ መተግበሪያው አንዱን ልጅ ከሰዓቱን ሙሉ "ትምህርትዎ ደርሷል" እያለ ሲያስጨንቀው ዋለ። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ በሩን አንኳኳ። "ጋሼ፣ መጣሁ! በቃ መጣሁ!" ባሏ ያን ቀን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መኪናው ውስጥ ገብቶ በር ዘጋ።

ፈተናው በሁለት መንገድ ይሰጣል። ወይ ከተማው ውስጥ ባለ የፈተና ማዕከል፣ ወይ ደግሞ ቤት ተቀምጦ በኢንተርኔት፣ ተቆጣጣሪ በካሜራ እያየ። ራዲዮ ቤቷን መረጠች። "በገዛ ቤቴ ማን ኮሪደር ያስወጣኛል?" አለች።

ደንቡን አንብባዋለች። ጠረጴዛው ባዶ ይሁን፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው አይኑር፣ መናገር ክልክል ነው ይላል። መናገር ማለት ግን ከሰው ጋር መናገር መሰላት። ባሏን ወደ ሥራው ሸኘች፤ እማማ ወንበር ይዘው ደረጃው ላይ ተቀመጡና ጎረቤት እንዳያንኳኳ ዘብ ቆሙ። ራዲዮ ላፕቶፑን አንስታ ለካሜራው ክፍሉን ዙሪያውን አሳየች፣ ተቀመጠች፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንበብ ጀመረች።

ማያው ላይ ጽሑፍ ብቅ አለ። "እባክዎ አይናገሩ።"

ክው አለች። ድምፅዋን ዋጠች። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ። "እባክዎ ከንፈርዎን አያንቀሳቅሱ።"

አፏን በእጇ ልትይዝ ሞከረች፤ ፊት መሸፈንም ክልክል ነው ተባለ። ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች። ጥያቄውን ታነበዋለች፣ ቃላቱ ዓይኗ ላይ ይደርሳሉ፣ ከዚያ አልፈው ወደ ውስጥ አይገቡም። መልሳ ታነባለች። እንደገና። በጠረጴዛዋ ላይ ስትሠራው የከረመችው ነገር ሁሉ የማታውቀው ሰው ደብዳቤ መሰላት። በመጨረሻ አንድ ትክክለኛ የሚመስል ግን ወጥመድ የሆነ መልስ አየችና ሳታውቀው አመለጣት። "አይ፣ አንተማ አይደለህም!"

ማያው ነጭ ሆነ። "ደንብ በመጣስዎ ፈተናዎ ተቋርጧል።"

ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተቀመጠ አታውቅም። ፊቱንም አላየችም። እሱ ግን የሷን አፍ ሲጠብቅ ነበር።

ቢሮ ወሬው ቀድሟት ገብቷል። "ራዲዮ ተዘጋች" ይባባላሉ። ከሁለቱ የሒሳብ ክፍል ልጆች አንደኛው ወድቋል፤ እሱን ግን ማንም አልሳቀበትም። መውደቅ የተለመደ ነገር ነው። ስላወሩ መባረር ነው የሚያስቀው። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ "እኔ ነግሬሽ ነበር" አላት፤ ክፋት በሌለው ድምፅ። ክፋት አለመኖሩ ይበልጥ አንገበገባት።

ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ሽንኩርቱን ዝም ብላ ከተፈች፣ ልብሱን ዝም ብላ አጠበች። ባሏ ፈርቶ በየክፍሉ እየዞረ ያያት ጀመር። እማማ ጥቂት ቀን ታገሡና እራት ላይ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ወድቀሻል?"

"አልወደቅኩም። አባረሩኝ።"

"ስለ ምን?"

"ስላወራሁ።"

"ስለ ምን አወራሽ?"

"ስለ ጥያቄው።"

"ለማን?"

"ለራሴ።"

እማማ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ወንጀሉ የቱ ላይ ነው?" መልሰው ወደሷ ዞሩና "ይግባኝ በይ" አሉ።

ለፈታኙ ድርጅት አብረው ጻፉ። የመጀመሪያው መልስ ወዲያው መጣ፤ ጉዳይዎ ታይቷል፣ ደንቡ ተጥሷል፣ ይላል። እማማ ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡና "ይሄ ዳኛ አይደለም፣ የበር ዘበኛ ነው። ግፊው" አሉ። ደግማ ጻፈች። ሁለተኛውን መልስ ሰው ጽፎታል። የጤና ችግር ካለብዎ የሐኪም ማስረጃ ያቅርቡ፣ በፈተና ማዕከሉ የተለየ ክፍል ሊፈቀድልዎ ይችላል ይላል።

ባሏ ከደስታው የተነሳ ቆመ። "አለቀ! አንዱ ተማሪዬ ሐኪም ነው። የነርቭ ነገር አለባት ብሎ አንድ ወረቀት ይጽፍልሻል።"

"ምን ሆኜ?" አለች ራዲዮ።

"ለወረቀቱ ነው እንጂ…"

"አልታመምኩም።"

"ልጄ፣ ሕግ ወረቀት ይወዳል" አሉ እማማ። "ወረቀቱን ስጪና ክፍልሽን ውሰጂ።"

ራዲዮ ከጠረጴዛው ተነሳች። "ሳልታመም ታመምኩ ብዬ ካለፍኩ፣ ዕድሜ ልኬን ሲስቁብኝ የኖሩት ሁሉ ልክ ነበሩ ማለት ነው። መምህሩም፣ አለቃዬም። በሽተኛ ናት፣ እንታገሣት ሊሉኝ ነው። እኔ ማንም እንዲታገሠኝ አልፈልግም። ጮክ ብዬ አስባለሁ፣ አለቀ!"

"ማለፍ አትፈልጊም?" አላት ባሏ።

"እፈልጋለሁ። እኔው ሆኜ።"

ያን ማታ ቤቱ ተኮራረፈ። እማማ "ግትር" ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ባሏ ዕቃውን ሲያጥብ ብርጭቆ ሰበረ። ራዲዮ ግን ወይ ፍንክች! በማግስቱ ፈቃድ ወስዳ ብቻዋን ወደ ፈተና ማዕከሉ ሄደች።

ማዕከሉ ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ነው። የመስታወት በር፣ የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ ረጅም ማስታወቂያ። ኃላፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ የደከማት ሴት ናት።

"የተለየ ክፍል ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

"ዓይንዎ ላይ ችግር አለ?"

"የለም።"

"እጅዎ?"

"ደህና ነው።"

"ጆሮዎ?"

"ይሰማል።"

"ታዲያ ምንድን ነዎት እመቤቴ?"

"ወሬኛ ነኝ።"

ኃላፊዋ የምትቀልድባት መስሏት ፊቷን አጠቆረች። ራዲዮ አልቀለደችም። "ጮክ ብዬ ካላነበብኩ አይገባኝም። ሌላ ሰው እንዳልረብሽ ብቻዬን አስቀምጡኝ። የምለውን ሁሉ ቅዱት፣ ጎኔ ሰው አስቀምጡ፣ ፈትሹኝ። ከሰው መልስ ስጠይቅ ወይ ለሰው ስነግር ካገኛችሁኝ ያኔ አባሩኝ።"

"ያለ ሐኪም ወረቀት አይቻልም።"

"የሐኪም ወረቀት የለኝም፣ አላመጣምም። የሚወስነውን ሰው ልጠብቅ።"

ተቀመጠች። ሰው እየመጣ ይፈተናል፣ ይወጣል፤ እሷ አልተነቃነቀችም። መቀመጥ ሲሰለቻት ዓይኗ ግድግዳው ላይ ያለው ማስታወቂያ ላይ አረፈ። "ተፈታኞች… ሞባይል ስልክ… ሰዓት… የአንገት ልብስ… ሰዓት ለምን? አሃ፣ የሚጽፍ ሰዓት አለ ለካ… በሣጥን ውስጥ… ቁልፉንስ ማን ይይዛል?"

ኃላፊዋ ከመስኮቷ ጀርባ ወጣች። "እመቤቴ፣ ይህን የሚያደርጉት እኔን ለማናደድ ነው?"

ራዲዮ ደንግጣ ዞረች። "ምን አደረግኩ?"

"ያወራሉ።"

"እኔ? ማስታወቂያውን እያነበብኩ ነው እንጂ።"

ኃላፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገችና ደህና አድርጋ አየቻት። ገብታ ስልክ አነሳች። ራዲዮ በመስታወቱ በኩል ስታያት እጇን እያወዛወዘች ከአንድ ሰው ጋር ስትጨቃጨቅ ቆየች። ወጥታ አንድ ቅጽ ሰጠቻት። የጉዳት ዓይነት የሚል ረድፍ አለው። ራዲዮ አንዱም ላይ ምልክት አላደረገችም፤ ታች ካለው ባዶ መስመር ላይ "ጮክ ብዬ አስባለሁ" ብላ ጻፈችና ፈረመች።

ፈቃዱ እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ወሰደ። አንዴ ጠፋ ተባለ፣ አንዴ ከላይ አልጸደቀም ተባለ። ራዲዮ ከሥራ በፊት እየደወለች ነዘነዘቻቸው። እማማም ኩርፊያቸውን ትተው፣ ሳይጠየቁ፣ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው መልሰው ጥያቄ ያነቡላት ጀመር። "ግትር" ያሉትን ቃል ግን መልሰው አልወሰዱትም።

በመጨረሻ ተፈቀደ። ክፍል የተባለው የተሰባበሩ ወንበሮችና ያረጀ ማተሚያ የተከማቸበት ጓዳ ነው። ጉንፋን የያዘው ወጣት ተቆጣጣሪ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ድምፅ መቅጃው ጠረጴዛው ላይ በርቷል። ራዲዮ ተቀመጠች፣ አየር ሳበች፣ ጀመረች።

"ሠራተኛዋ ፈቃድ ጠየቀች፤ አለቃዋ ያጸድቃል። እሺ። አለቃው ከሌለስ? ይህቺ ልጅ እስከ መቼ ትጠብቃለች? ለተወካዩ ይሂድላት። ሁለተኛው ነው መልሱ። ቀጥል… ደመወዝ ያለበት ሠንጠረዥ፣ ሁሉም ያየዋል። ለምን ያየዋል? ዝጋው!"

ተቆጣጣሪው ብድግ ብሎ መስኮቱን ዘጋ።

"አንተን አይደለም ወንድሜ፣ ይቅርታ" አለችና ቀጠለች። ተከራከረች፣ ሳቀች፣ አንዱን ጥያቄ "አንተ ደግሞ ምን ለማለት ፈልገህ ነው?" ብላ ገሰጸችው። ሁለት ሦስት ጥያቄ ላይ መልሱን በፍጹም አላወቀችውም፤ ያንንም ጮክ ብላ "ይህን አላውቀውም፣ በግምት ነው" አለች። ላብ ጀርባዋን አራሰው። ግን ቃላቱ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ቦታቸውን ያውቃሉ።

ውጤቱ እዚያው ማያው ላይ ወጣ። አልፋለች፤ ለጥቂት ነው፣ ግን አልፋለች። ተቆጣጣሪው አፍንጫውን እየጠረገ "እኔ ራሴ እኮ ብዙ ተማርኩ" አላት።

ደረጃውን ስትወርድ ለቤት ደወለች። እማማ ስልኩን አንስተው ሰሟትና ለልጃቸው "ተፈረደልን!" ብለው ሲጮኹ ሰማች።

ቢሮ ውስጥ የጠበቃት እንዲህ ያለ ደስታ አልነበረም። ከሁለቱ ልጆች ያለፈው፣ ረጅሙ የሚሉት ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሥርዓቱን መሥራት ጀምሯል። ሥራ አስኪያጁ ሰርተፍኬቷን አይቶ "እንኳን ደስ ያለሽ፤ ግን ዘገየሽ" አላት። ነገሩን የቀየረው ረጅሙ ራሱ ነው። በማግስቱ ወደ ጥሪ ክፍል ወርዶ፣ ስልኩ ሲጮህ፣ እሷ ሰው ስታረጋጋ፣ ወረቀቱ ሲጠፋ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ አየ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ "ያለ እሷ የምሠራው ነገር ማንንም አይጠቅምም" አለ። አብረው ሠሩት። መካኒኮቹ ጥሪውን ስልካቸው ላይ ያያሉ፤ የተቀበለው ሰው ስም ይወጣል፤ የዘገየው ጥሪ ደግሞ ቀይ ይሆናል። ነጩ ሰሌዳ ተነቀለ።

የሕንፃ ባለቤቶች ውል የሚያድሱበት ጊዜ ሲቃረብ ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ጠራቸው።

"አንድ ቁልፍ ጨምሩልኝ" አለ። "መሰረዣ። ለኔ ብቻ የሚታይ።"

"ምን ሊሰርዙበት?" አለች ራዲዮ።

"ቀዩ በዛ። ሪፖርቱን ደንበኞች ሊያዩት ነው። አንዳንዱን ጥሪ ማጽዳት ያስፈልጋል።"

ረጅሙ ጫማውን ማየት ጀመረ። ራዲዮ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ማሰብ ጀመረች፤ እንደልማዷ።

"እሺ። ሥራ አስኪያጁ የዘገየውን ጥሪ ይሰርዛል። ከተሰረዘ፣ ባለፈው አሳንሰር ውስጥ ያመሸችው እርጉዝ አላመሸችም ማለት ነው። ካላመሸች መካኒክ ማነሱ አይታይም። ካልታየ ሌላ መካኒክ አይቀጠርም…"

በሩ ክፍት ነው። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፉት መካኒኮች ርምጃቸውን ቀነሱ።

"ቀስ በይ እንጂ!" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ሰው ይሰማል።"

"እያሰብኩ ነው" አለችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። "አስቤ ጨረስኩ። አልሠራውም።"

"ይህ ትእዛዝ ነው።"

"ይሁና። ሌላ ሰው ያግኙ። እኔ ግን ሥርዓቱ ውስጥ ያለውን፣ ማን ምን እንደሰረዘ የሚመዘግበውን ክፍል አላነሳም፤ የሚያነሳው ሰው እኔ ጋ መጥቶ ለምን እንደሚያነሳው ይንገረኝ።"

ሥራ አስኪያጁ ወደ ረጅሙ ዞረ። ረጅሙ ዓይኑን ከጫማው አነሳ። ድምፁ ቀጥኖ "እኔም አልሠራውም" አለ።

ቁልፉ አልተሠራም። ሪፖርቱ ከነቀዩ ወጣ፤ ሁለት ደንበኞች ተቆጥተው ሄዱ፣ ሌሎቹ ፈረሙ። መካኒክም ተቀጠረ። የራዲዮ የደረጃ እድገት ደብዳቤ ግን ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ሳይፈረም ተቀምጧል። በቢሮው ፊት ስታልፍ ቆም ብላ "ጋሼ፣ ደብዳቤዬስ?" ትለዋለች፤ ሰው በሞላበት፣ ጥርት ባለ ድምፅ። እሱም ቀና ሳይል "እያየሁት ነው" ይላታል። ማየቱን እስኪጨርስ ድረስ መጠየቋን እንደማትተው ሁለቱም ያውቃሉ።